ኮንሶ፦ ዋካውን ብቻ አይታችሁ እንዳትመለሱ፣ ሞራው ጋ ቁጭ በሉ

ለኮንሶ 5 ከ5 እሰጣለሁ፣ ይዞን ለሄደው አስጎብኚ ድርጅት ግን ከ2 በላይ አይወጣልኝም፣ ምክንያቱን እየሄድኩ እነግራችኋለሁ።

ብዙ ሰው ኮንሶን ሚያውቃት ወደ ጂንካና ወደ ሐመር ሲያልፍ ምሳ ሚበላባት ቦታ አድርጎ ነው። ምሳ ይበላል፣ አንዱ መንደር ገባ ብሎ ዋካ ፎቶ ያነሳል፣ ከዛ ገሰርጊዮ ሄዶ ያንን ኒውዮርክ የሚሉትን ጎርፍ የቦረቦረውን ገደል አይቶ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ በቃ ኮንሶን አየሁ ይላል። ገደሉ አያምርም እያልኩ አይደለም፣ ዋካውም ከእንጨት የተጠረበ የጀግና መታሰቢያ ሐውልት ነው፣ የተከበረ ነገር ነው። ግን ኮንሶን ኮንሶ ያደረጋት ድንጋዩና ተሰብስቦ ድንጋይ ሚክበው ሰው ነው፣ እሱን ለማየት ደግሞ ጊዜ ይፈልጋል፣ ይሄን ሁሉ ምጽፈውም ለዛ ነው።

ለማታውቁት፣ ከአርባ ምንጭ ወደ ደቡብ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዋና ከተማዋ ካራት ትባላለች። ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2011 የኮንሶን ባህላዊ መልክዓ ምድር የዓለም ቅርስ ብሎ መዝግቦታል፣ የመዘገበውም አንድ ሐውልት ወይ አንድ ቤት ለይቶ ሳይሆን እርከኑን፣ በካብ የታጠሩትን ከተሞች፣ ሞራ ሚባሉትን የሰፈር የጋራ ቦታዎች፣ ትውልድ ሲቀየር ሚተከለውን ድንጋይ፣ ሁሉንም አንድ ላይ ነው። 21 ትውልድ፣ ከ400 ዓመት በላይ የዘለቀ ነገር ነው ሚሉት። እና እስካሁን ሰው እየኖረበት ነው፣ ይሄ ነው ለኔ ከምንም በላይ ሚገርመኝ፣ ሌላ ቦታ ቅርስ ስናይ ብዙ ጊዜ ባለቤቶቹ የሉም፣ ጠባቂና ቲኬት ቆራጭ ብቻ ነው ያለው፣ እዚህ ግን ቅርሱን የሰሩት ሰዎች ልጆች ቅርሱ ውስጥ ማሽላ እያሰጡ ነው ምታገኟቸው።

ከካራት ትንሽ ወጣ ብላችሁ ተራራውን ስታዩ ከላይ እስከ ታች እርከን ነው። አንዳንዱ ቦታ ካቡ ብቻ እስከ 5 ሜትር ከፍታ አለው። አካባቢው ደረቅ ነው፣ ቁልቁለቱ ደግሞ ከባድ ነው፣ እርከኑ ባይኖር አንድ ሃይለኛ ዝናብ አፈሩን በሙሉ ጠርጎ ቆላው ላይ ይጥለዋል። ካቡ አፈሩን ይይዛል፣ የዝናቡን ውሃ እርሻው ላይ ያቆየዋል፣ የተረፈውን ደግሞ ቀስ አድርጎ ወደ ታችኛው ያሳልፋል። ሲሚንቶ የለ፣ ጭቃ የለ፣ ደረቅ ድንጋይ በድንጋይ ላይ።

ከተሞቹም እንደዛው ናቸው። ፓሌታ ይሏቸዋል፣ ኮረብታ አናት ላይ ነው የተቆረቆሩት፣ እያንዳንዱ ከአንድ እስከ ስድስት ዙር በካብ ታጥሯል። ህዝቡ ሲበዛ ከውጪ ሌላ ዙር ይጨምራሉ፣ ስለዚህ ከመሃል ወደ ውጪ ስትወጡ የከተማውን እድገት በእግራችሁ እየቆጠራችሁ ነው። እኛ ጋሞሌና ዶካቱ ገብተናል። መንገዱ ጠባብ ነው፣ ግራና ቀኙ ካብ ነው፣ ካቡ ላይ ደግሞ የእንጨት አጥር ተደርቦበታል፣ የግቢዎቹ መግቢያ ዝቅ ብሎ በግንድ የተሰራ ስለሆነ ረጅም ሰው ሆናችሁ ከሆነ እጥፍ ብላችሁ ነው ምትገቡት፣ የአካባቢው አስጎብኚያችን እንደነገረን ድሮ ጠላት ቢመጣም እንደዛው አንገቱን ደፍቶ ነበር ሚገባው፣ የቤቱ ጌታ ደግሞ ውስጥ ቆሞ ይጠብቀዋል።

አሁን ወደ ሞራው ልምጣ።

ሞራ የሰፈሩ የጋራ ቦታ ነው፣ አደባባይ አለው፣ ብዙ ጊዜም አደባባዩ ጋ አንድ ትልቅ የሳር ጣሪያ ቤት አለ። አንዳንድ ከተማ ውስጥ እስከ 17 ሞራ ድረስ አለ። ቤቱ ከስር ክፍት ነው፣ ወፋፍራም የእንጨት ምሰሶዎች ተሸክመውታል፣ ወለሉ በድንጋይ ከፍ ተደርጓል፣ ሰው ሲቀመጥበት ሲቀመጥበት ድንጋዩ ልስልስ ብሎ አብረቅርቋል፣ እጃችሁን ብታሳርፉበት የተወለወለ ነው ሚመስለው። ከላይ ጣሪያው ስር ሁለተኛ ፎቅ አለ፣ ማታ ማታ ያላገቡ ወጣቶች እዛ ነው ሚያድሩት፣ እሳት ቢነሳ፣ ሰው ቢታመም፣ የሆነ ነገር ቢፈጠር ወዲያው ሚደርስ ጉልበት እዛው ተኝቷል ማለት ነው። ቀን ላይ ደግሞ ሽማግሌዎች ይዳኙበታል፣ ሰው ይመክርበታል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፣ ጸሐይ ያቃጠለው ይጠለልበታል። እኛ ከተማ ውስጥ አዳራሽ፣ ፍርድ ቤት፣ የወጣቶች ማዕከልና የጥበቃ ቤት ብለን አራት ቦታ ምንገነባውን እነሱ አንድ ጣሪያ ስር አድርገውታል።

ይሄን ማን ሰራው ብዬ ጠየቅኩ። አስጎብኚያችን ጥያቄው ራሱ ግራ ገባው፣ "የሰፈሩ ሰው ነዋ" አለኝ። ኮንትራክተር የለም፣ የቀን ሰራተኛ የለም፣ ሞራው የሰፈሩ ስለሆነ ሚሰራውም ሚያድሰውም ሰፈሩ ነው፣ አንዱ እንጨት ያመጣል፣ ሌላው ሳር፣ ጎረምሳው ድንጋይ ይሸከማል፣ እጁ የሰላው ይክባል። ደቦ እንደምንለው ነው፣ ግን እኛ ደቦን ለእርሻና ለአጨዳ ነው ባብዛኛው ምናውቀው፣ እነሱ ከተማ ሰርተውበታል።

እድላችን ሆኖ አንዱ ሞራ ጋ በጎን ያለው ካብ በዝናብ ተንዶ ሰዎች እየጠገኑት ደረስን። ከጉብኝቱ ሁሉ አሁንም አይኔ ላይ ያለው እሱ ነው። አንድ ሽማግሌ አባት መሬት ላይ ከተዘረገፈው ድንጋይ አንዱን ያነሳሉ፣ ያገላብጡታል፣ ጠፍጣፋ ፊቱን ይፈልጋሉ፣ ያስቀምጡታል፣ በመዳፋቸው ገፋ ገፋ ያደርጉታል፣ ትንሽ ካነቃነቀ አንስተው ወደ ጎን ያደርጉታል እንጂ በግድ አያስገቡትም፣ አይጥሉትምም፣ ከሶስት አራት ድንጋይ በኋላ ያ ወደ ጎን ያደረጉት ድንጋይ ቦታው ሲመጣ እጃቸው ሳያይ ነው ሚያነሳው። መዶሻ እምብዛም አልነኩም። መለኪያ ገመድም አላየሁም።

ልጆች ደግሞ ከኋላ መሃሉን በትንንሽ ድንጋይ ይሞላሉ። አንዱ ልጅ ቸኩሎ በእፍኙ ዘርገፍ ሲያደርግ አባት እጁን ያዝ አደረጉት፣ ምንም አልተቆጡም፣ የተዘረገፈውን አወጡና አንዷን ጠጠር በጣታቸው ስንጥቁ ውስጥ ሽጉጥ አድርገው ጠበቅ አደረጓት፣ ከዛ ሌላዋን። ልጁ ቀጠለ። አስጎብኚያችን ሲያስረዳን ዝም ብሎ የተዘረገፈ ጠጠር ክረምት ሲገባ ወደ ታች እየሰመጠ የካቡን ሆድ ወደ ውጪ ይገፋዋል፣ አንድ በአንድ የተሸጎጠ ግን ሁለቱን ፊት ቆልፎ ይይዛል። የካብ እድሜ ሚወሰነው እንግዳ በማያየው መሃሉ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አስተዋልኩ፣ ረጃጅም ድንጋዮችን ወደ ውጪ በጎናቸው አያስተኟቸውም። ለአይን ቢሆን እንደዛ ነበር ሚያምረው፣ ሰፊ ፊት ይታያል። እነሱ ግን በቁመቱ ወደ ውስጥ ነው ሚያስገቡት፣ ከውጪ ምታዩት ጫፉን ብቻ ነው፣ ቀሪው ውስጥ ገብቶ ካቡን ከኋላው ጋር አስሮታል። ደግሞ ሁለት ድንጋይ የተገናኙበት ስንጥቅ ላይ ሁልጊዜ ሶስተኛው ይጫንበታል፣ ስንጥቅ ከላይ እስከ ታች በአንድ መስመር ከወረደ ካቡ እዛ ጋ ይሰነጠቃል። ትልልቁ ድንጋይ ከስር ነው፣ ካቡም ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ወደ አፈሩ ትንሽ ጋደል ይላል። እኔ ግንባታ አካባቢ ስለምሰራ እነዚህን ነገሮች በወረቀት ላይ ተምሬያቸዋለሁ፣ ግን አንድም ቀን ፊደል ባልቆጠሩ አባት እጅ እንደዚህ ጥርት ብሎ ሲሰራ አይቼ አላውቅም ነበር።

የውሃውን ነገር ደግሞ ልብ በሉ። እኛ ጋ አፈር ሚይዝ ግንብ በሲሚንቶ ስንሰራ የውሃ መውጫ ቀዳዳ ካልተተወለት ውሃው ከኋላ ይጠራቀምና ግንቡን ገፍቶ ይጥለዋል፣ በየሰፈሩ ሆዱ ተነፍቶ የተሰነጠቀ ግንብ ምናየው ለዛ ነው። የኮንሶ ካብ በየድንጋዩ መሃል ስለሚተነፍስ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። ቢናድ እንኳን ሚናደው የተወሰነ ቦታ ነው፣ ያው ድንጋይ ተለቅሞ ያው ቦታ ላይ ይመለሳል፣ ሚገዛ ነገር የለም። እኛም ድንጋይ አቀበልን፣ ማንም ና አግዝ አላለንም ማንም ተው አላለንም፣ ሲያልቅ ጨቃ በቅል ተቀዳ፣ ወፍራም የማሽላ ጠላ ነው፣ ሆድ ይሞላል፣ አብረን ሞራው ወለል ላይ ቁጭ ብለን ጠጣን።

ሞራው አደባባይ ላይ ቀጥ ብለው የተተከሉ ረጃጅም ድንጋዮች ታያላችሁ፣ ዳጋ ሄላ ይባላሉ። ትውልድ ስልጣን ሲረከብ ድንጋዩን ከተፈለጠበት ቦታ ተሸክመው አምጥተው በስርዓት ነው ሚተክሉት፣ ዩኔስኮም ኮንሶዎችን እስካሁን እንደዚህ አይነት ድንጋይ ከሚተክሉ የመጨረሻዎቹ ህዝቦች አንዱ ናቸው ብሏል። አጠገቡ ደግሞ አንድ ላይ ታስረው የቆሙ ረጃጅም የጥድ ግንዶች አሉ፣ ኦላሂታ፣ በየ18 ዓመቱ አንድ ይጨመራል። ግንዱን ቆጥራችሁ በ18 ስታባዙ የሞራውን እድሜ ትገምታላችሁ። አስጎብኚው ቆሞ ጠበቀን፣ ቆጥረን ስንጨርስ ደግሞ ከስር የበሰበሰውን እያሳየ "ይሄም አለ" እያለ ይጨምርብናል። ክብ ድንጋይም አለ፣ ወጣቱ ለትዳር መድረሱን ሚያሳየው እሱን አንስቶ በራሱ ላይ አሳልፎ ወደ ኋላ ሲወረውር ነው፣ ከኛ መሃል ሁለት ጎረምሶች ሞክረው ከጉልበት በላይ አላለፈላቸውም።

እሺ አሁን ስለ አስጎብኚ ድርጅቱ። ስሙን አልጠራም፣ ነገሩ የሱ ብቻም ስላልሆነ። ፕሮግራማቸው ላይ "ኮንሶ ሙሉ ቀን" ይላል፣ እኛም አይተን ነው የከፈልነው። በተግባር ግን ከምሳ በኋላ ነው የደረስነው፣ አንድ መንደር ውስጥ በሩጫ አስገቡን፣ አብሮን ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ሞራውን እያለፈ በእጁ ጠቆም አድርጎ "ይሄ ወንዶች ሚያድሩበት ነው" ብሎ ቀጠለ፣ ሹፌሩ ክላክስ እየነፋ ነው። የዓለም ቅርስ በክላክስ አይታይም። ነገ ጂንካ ገበያ እንዳያመልጠን ነው አሉ። እኔና የተወሰንን ሰዎች ከነሱ ጋር ተስማምተን ካራት ቀረን፣ በማግስቱ ጠዋት በራሳችን የአካባቢውን አስጎብኚ ይዘን ተመለስን፣ ከላይ የጻፍኩት በሙሉ ያየነው ያኔ ነው። ስለዚህ ቡክ ስታደርጉ "ኮንሶ ስንት ሰዓት እንቆያለን፣ ካራት እናድራለን ወይ" ብላችሁ በጽሁፍ አስመልሱ፣ ሙሉ ቀን ሚለውን ቃል ብቻ አትመኑ።

የአካባቢው አስጎብኚ ግን ልዩ ነበር፣ ለሱ 5 ከ5። እዛው ከተማ ውስጥ ተወልዶ ልጅ ሆኖ ሞራው ላይ ያደረ ልጅ ነው፣ ሽማግሌዎቹን በስማቸው ያውቃቸዋል፣ ከመግባታችን በፊት ሰላምታ አሰጠን፣ ፎቶ ሚቻልበትንና ማይቻልበትን አስቀድሞ ነገረን፣ ያላወቀውን ሲጠየቅ ከራሱ ሳይፈጥር ሄዶ አዛውንቶቹን ጠይቆ ይመጣል። ካራት ስትደርሱ መጀመሪያ እንደሱ አይነት ሰው ያዙ፣ ክፍያውንም እዛው ጠይቃችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ገንዘቡ ለመንደሩ እንደሚደርስም ጠይቁ፣ መጠየቅ ነውር አይደለም። ካራት ያለው ሙዚየምም ሊታለፍ አይገባም፣ ተሰርቀው ሊሸጡ የነበሩ ዋካዎች ናቸው ብዙዎቹ፣ ከተተከሉበት ተነቅለው ስታዩዋቸው ያናድዳል፣ ግን ቢያንስ አገራቸው ላይ ናቸው።

የከፋኝ ነገር ካለ ቆርቆሮው ነው። በየመሃሉ የሳር ጣሪያ እየወረደ ቆርቆሮ እየወጣ ነው፣ ነዋሪውን ልወቅሰው አልችልም፣ ሳር ማግኘት ከባድ ሆኗል፣ ቆርቆሮ አንዴ ከመታኸው በየጊዜው አይታደስም፣ እሳትም አያስፈራም። እዛ ሚኖረው እሱ ነው፣ እኔ አንድ ቀን አይቼ ምሄድ ሰው ሳር ቤት ውስጥ ኑር ልለው አልችልም። ግን ሞራው የጋራ ስለሆነ እሱን እንኳን በሳሩና በካቡ ማቆየት ይቻላል ብዬ አምናለሁ፣ ምክንያቱም ሳር ጣሪያ በየተወሰነ ዓመቱ መታደስ ስላለበት ሰፈሩ በየተወሰነ ዓመቱ ይሰበሰባል፣ የዛኔ ጎረምሳው ከሽማግሌው አጠገብ ቆሞ ይማራል። የማይታደስ ቤት ማንንም አይሰበስብም።

ከመጣሁ በኋላ ደግሞ የሰፈራችን እድር ነው ሚታየኝ። አዳራሽ ልንሰራ ገንዘብ ማዋጣት ከጀመርን ቆየን፣ በየስብሰባው ወሬው የብረትና የሲሚንቶ ዋጋ ጨመረ ነው፣ ያዋጣነው ሲደርስ ዋጋው ሌላ ቦታ ይጠብቀናል። ከአባላቱ መሃል ጡረታ የወጡ ግንበኞች አሉ፣ ድንጋይ ጠራቢ አለ፣ አናጺ አለ፣ ቅዳሜና እሁድ ስራ የሌለው ስንት ወጣት አለ፣ ድንጋይ እንደሆነ አገሩ ሙሉ ድንጋይ ነው። ምሰሶውንና ጣሪያውን ባለሙያ ይስራው፣ ህጉም ፈቃድ ይጠይቃል፣ እሱን አልከራከርም። ግን የግቢውን አጥር፣ አፈር ሚይዘውን ካብ፣ የደጁን መቀመጫ፣ ይሄን ይሄን በእጃችን ለምን አንሰራም? ሰው ብር ብቻ ያዋጣበትን አዳራሽ ሲሰበር ኮሚቴው ይጠግነው ነው ሚለው፣ ድንጋይ ያቀበለበትን ግን ራሱ ነው ሚጠግነው። ሀሳቡን ለኮሚቴው አቅርቤያለሁ፣ ሊቀመንበራችን ጋሼ ፎቶዎቹን ሲያዩ ዝም ብለው ቆዩና "እኔ ልጅ ሆኜ አባቴ እንዲህ ሲክብ አይቻለሁ" አሉኝ፣ ለሚቀጥለው ስብሰባ አጀንዳ ውስጥ አስገብተውታል።

ለምትሄዱ፣ ጫማችሁ ሶሉ ሚይዝ ይሁን፣ የካብ መንገዱ ድንጋይ ነው፣ ቁልቁለትም አለው። ውሃ ያዙ፣ ጸሐዩ ቀላል አይደለም። ጠዋት ብትገቡ ይሻላል፣ ብርሃኑም ደስ ይላል፣ ሰዎቹም እርሻ ከመውረዳቸው በፊት ታገኟቸዋላችሁ። ካብ ላይ አትውጡ፣ በተለይ ለፎቶ ብላችሁ፣ አንድ የላይኛው ድንጋይ ከተነቃነቀ ከስሩ ያለው ሁሉ ነው ሚላላው፣ እኛ መኪና ውስጥ ገብተን ስንሄድ ሚጠግነው ሌላ ሰው ነው። ልጆች ይከተሏችኋል፣ ሳንቲም ከመበተን ለትምህርት ቤቱ ደብተር ምናምን በአስጎብኚው በኩል ብትሰጡ ጥሩ ነው። ኩርኩፋ ካገኛችሁ ቅመሱ፣ ማሽላውን ከሽፈራው ቅጠል ጋር ነው ሚቀቅሉት፣ እኔ ሁለቴ አስጨምሬያለሁ። ዋናው ዝናባቸው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ስለሆነ ከዛ በፊት ያሉት ደረቅ ወራት ለመንገዱም ይመቻሉ፣ ካብ ሲጠገን የማየት እድላችሁም ያኔ ይሰፋል። ከመነሳታችሁ በፊት ግን አካባቢው ላይ ያለ ሰው ደውላችሁ የመንገዱን ሰላም አጣሩ፣ ካራት ማደሪያ አለ፣ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ።